ሞት የፈታው ትዳር፦ ሴት፣ ጋብቻና ሕግ በቪክቶሪያ ዘመን ልቦለድ

የቪክቶሪያን ዘመን የእንግሊዝ ልቦለዶች አከታትሎ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ማስተዋሉ አይቀርም። በትዳራቸው መከራ የሚያዩ ገጸ ባሕርያት ከመከራው የሚገላገሉት በአብዛኛው ከሁለቱ አንዱ ሲሞት ነው። በሻርሎት ብሮንቴ «ጄን ኤር» (1847) የሮቼስተር ሚስት በርታ ከሚቃጠለው ቤት ጣሪያ ላይ ራሷን ወርውራ ትሞታለች። በእህቷ በአን ብሮንቴ «የዋይልድፌል ሆል ተከራይ» (1848) ሰካራሙ ሀንቲንግደን ከፈረስ ወድቆ ይታመምና ከመጠጥ መታቀብ አቅቶት ይሞታል። በጆርጅ ኤሊዮት «ሚድልማርች» (1871–72) ከሚስቱ በብዙ ዓመት የሚበልጠው ካሶቦን አትክልት ስፍራው ውስጥ ሞቶ ይገኛል። በዚያችው ደራሲ «ዳንኤል ዴሮንዳ» (1876) ደግሞ ጨካኙ ግራንድኮርት ጄኖዋ አጠገብ ባሕር ውስጥ ይሰምጣል።

ደራስያኑ ታሪኩን መቋጫ አጥተው በሞት ያሳበቡ ይመስላል። መውጫ አጥተው እንደነበርም እውነት ነው፤ ያጡት ግን በሕጉ ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዝ አንዲት ሚስት ከክፉ ትዳር በሕግ ወጥታ፣ ገንዘቧንና ልጆቿን ይዛ፣ ስሟም ሳይጎድፍ የምትኖርበት መንገድ አልነበረም ማለት ይቻላል። እውነታውን ሳይጥስ ለጀግናዋ ነጻነት መስጠት የፈለገ ደራሲ ሞትን ፈራጅ ከማድረግ በቀር ብዙ ምርጫ አልነበረውም።

ይህ ዳሰሳ የሚያነሣው ጥያቄ ይኸው ነው፤ የቪክቶሪያ ዘመን ጋብቻ ከሴቲቱ ምን ወሰደ? ልቦለዱስ የተወሰደውን እንዴት ቆጠረው? መልሱን በንብረት፣ በልጅ፣ በፍቺና ባል በሌላት ሴት ዕጣ ከፍለን እንመለከተዋለን፤ በመጨረሻም ተመራማሪዎች የሚከራከሩበትን ነጥብ እናነሣለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አንድ ሥጋ፣ አንድ ሰው

የእንግሊዝ ሕግ ባልና ሚስትን እንደ አንድ ሰው ይቆጥር ነበር። የሕግ ሊቁ ዊልያም ብላክስቶን ከ1765 ጀምሮ ባሳተመው የሕግ ማብራሪያው መርሁን በግልጽ አስቀምጦታል፤ ሴት ስታገባ በሕግ ፊት የነበራት ህልውና በባሏ ውስጥ ይጠቃለላል። ነገሩ ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ይሆናሉ ከሚለው የቅዱስ መጽሐፍ ቃል ጋር የሚስማማ ይመስላል። በፍርድ ቤት ግን ከሁለቱ ሰው ሆኖ የሚቀረው ባል ብቻ ነበር።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደነበር እንይ። የሚስት ጥሬ ገንዘብ፣ ጌጥ፣ የቤት ዕቃና ሠርታ የምታገኘው ደመወዝ የባሏ ነው። መሬት ካላት በስሟ ይቆያል፤ ኪራዩን የሚሰበስበው ግን እርሱ ነው። በራሷ ስም መዋዋልና መክሰስ አትችልም፤ ያለ እርሱ ፈቃድም ኑዛዜዋ አይጸናም። ልጆቹ የአባታቸው ናቸው። ከቤት ብትወጣ አስገድዶ መልሶ የማቆየት መብት እንዳለው ይታመን ነበር፤ ይህ እምነት በፍርድ የተሻረው በ1891 ጃክሰን በተባሉ ባልና ሚስት ክስ ነው። ባል ሚስቱን አስገድዶ መድፈር ወንጀል መሆኑን የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ያረጋገጠው ደግሞ ንግሥት ቪክቶሪያ ካለፉ ከዘጠና ዓመት በኋላ፣ በ1991 ነው።

ሀብታሞች ከዚህ ሕግ ማምለጫ ነበራቸው። ባለጸጋ አባት ልጁን ከመዳሩ በፊት ውል አስጽፎ ገንዘቧን በባለአደራ እጅ ያስቀምጥላታል፤ ሙሽራውም በዚያ ገንዘብ ላይ እንዳሻው ማዘዝ አይችልም። ጠበቃና ባለአደራ የማቆም አቅም ለሌለው ሱቅ ነጋዴ፣ ለመምህር፣ ለሸማኔ ልጅ ግን ይህ በር ዝግ ነበር። ስለዚህ ሕጉ ክንዱን ያበረታው በመካከለኛውና በድሃው ቤተሰብ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዙፋኑ ላይ የተቀመጡት ሴት ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 ደብዳቤ የጻፉላቸው ንግሥት ቪክቶሪያ ከ1837 እስከ 1901 ነግሠዋል። ንግሥት በመሆናቸው በ1839 የጋብቻውን ጥያቄ ለልዑል አልበርት ያቀረቡት ራሳቸው ነበሩ። በ1840 ተጋብተው ዘጠኝ ልጆች ወለዱ፤ የንጉሣዊው ቤተሰብ ሥዕልም ለመካከለኛው መደብ የትዳር አርአያ ሆነ። ስለ ሴቶች መብት የሚቀሰቅሱትን ግን ንግሥቲቱ አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። አገር የምትገዛ ሴት መኖሯ ተራዋን ሚስት በሕግ ፊት ሰው አላደረጋትም።

የቤት መልአክና ገረዷ

ሕጉ ብቻውን አልቆመም፤ የሚያሳምረው አስተሳሰብ ነበረው። ሳራ ስቲክኒ ኤሊስ በ1839 ለእንግሊዝ ሴቶች የጻፈችው የምክር መጽሐፍ የሚስት ታላቅነት ራሷን ለሌሎች መስጠቷ ነው ብሎ ያስተምራል። ገጣሚው ኮቨንትሪ ፓትሞር ከ1854 ጀምሮ ያሳተመው ረጅም ግጥም ለዚህች ሴት ዘላቂ ስም አወጣላት፤ «የቤት መልአክ» ተባለች። ጆን ረስኪን በ1865 በታተመ ንግግሩ ወንድ በውጭው ዓለም እንደሚታገል፣ ሴት ደግሞ ቤቱን የሰላም መጠጊያ እንደምታደርግ አስረዳ።

የዚህ አስተሳሰብ ሥር በኢኮኖሚው ውስጥ ነው። ቀድሞ ቤትና ሱቅ፣ ቤትና አውደ ጥናት አንድ ጣሪያ ይጋሩ ነበር፤ ሚስትም የንግዱ ተካፋይ ነበረች። ፋብሪካውና የንግድ ቢሮው ሥራን ከቤት ሲለዩት፣ ገቢው የተሻለው ቤተሰብም ከከተማው መሐል ወጥቶ ዳር ላይ ሲሰፍር፣ ሥራ የማትሠራ ሚስት የባሏ ስኬት ማሳያ ሆነች። የወንጌላውያን የሃይማኖት መነቃቃት ደግሞ ቤትን የሥነ ምግባር ማዕከል አድርጎ ቀደሰው። ሌኦኖር ዴቪዶፍና ካትሪን ሆል በ1987 ባሳተሙት የቤተሰብ ታሪክ ጥናት ያስረዱት ይህንን ለውጥ ነው።

መልአኳ ግን ብቻዋን አልኖረችም። ከሰል የሚሸከም፣ ምድጃ የሚያጸዳ፣ ሌሊት ውኃ የሚያሞቅ ያስፈልጋታል። በ1851 የሕዝብ ቆጠራ ከሴቶች ሥራዎች ሁሉ ብዙ ሰው የያዘው የቤት ሠራተኝነት ነበር። ኢዛቤላ ቢተን በ1861 ያሳተመችው ዝነኛ የቤት አያያዝ መጽሐፍ ሚስትን እንደ ጦር አዛዥ ያያታል፤ ሠራተኞቹን ታዛለች፣ ሂሳቡን ትይዛለች፣ እንግዳ ታስተናግዳለች። ቢተን ራሷ ከባሏ ጋር የመጽሔት አርታዒ ሆና የምትሠራ ሴት ነበረች፤ በ1865 ስታርፍ 28 ዓመቷ ነበር።

ልቦለዱ መልአኳን ወድዷታል፤ ይህንን መካድ አይገባም። የቻርልስ ዲከንስ አግነስ በ«ዴቪድ ኮፐርፊልድ»፣ የቤቱን ቁልፎች ታጥቃ የምትዞረው ኤስተርም በ«ብሊክ ሃውስ» የዚህ አምልኮ ልጆች ናቸው። ደራሲው ራሱ ግን ከሚስቱ ከካትሪን ጋር 22 ዓመት ኖሮ አሥር ልጆች ካፈሩ በኋላ በ1858 ከቤት አስወጣት፤ ስለ መለያየታቸውም በራሱ መጽሔት የአንድ ወገን መግለጫ አወጣ። የመልአክነቱ ቃል ለካትሪን መከታ አልሆናትም።

ገንዘቡ የማን ነው?

በ1850 አካባቢ ደራሲዋ ኤልዛቤት ጋስኬል ለአንድ ታሪኳ 20 ፓውንድ ተከፈላት። ባሏ ገንዘቡን ረጋ ብሎ ኪሱ ውስጥ እንደቆለፈው ለወዳጇ በደብዳቤ ጽፋለች። ባሏ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተከበረ ሰባኪ ነበር። በሕጉ መሠረት ገንዘቡ የእርሱ ስለሆነ ብቻ ወሰደው። ከ15 ዓመት በኋላ ጋስኬል ከጽሑፍ ባገኘችው ገንዘብ ሃምፕሻየር ውስጥ ባሏ ሳያውቅ ቤት ገዛች፤ በዚያው ዓመት በዚያው ቤት አረፈች። እነዚህን ሁለት ክስተቶች ጎን ለጎን ያየ ሰው በመካከላቸው ያለውን ዘመን ስሜት ይረዳል።

«ጄን ኤር»ን በዚህ ዓይን እንደገና እናንብበው። ጄን በሮቼስተር ቤት አስተማሪ ሆና የምታገኘው በዓመት 30 ፓውንድ ነው። ኋላ ከአጎቷ 20,000 ፓውንድ ትወርሳለች፤ ከሦስት ዘመዶቿ ጋር ተካፍላ 5,000 ይደርሳታል። ወደ ሮቼስተር የምትመለሰው የራሷ ጌታ እንደሆነች እየተናገረች ነው፤ አንባቢም በነጻነቷ ይደሰታል። ይሁን እንጂ በ1847 ሕግ መሠረት፣ የተለየ ውል ካልተጻፈ በቀር፣ ጄን ባገባችበት ቅጽበት 5,000 ፓውንዱ የባሏ ሆነ። ሻርሎት ብሮንቴ ይህን ጠንቅቃ ታውቀው ነበር። በ1854 አርተር ቤል ኒኮልስን ከማግባቷ በፊት ገንዘቧን በባለአደራ የሚያስጠብቅ ውል አስጽፋለች። ለራሷ ያሰበችለትን ጥበቃ መጽሐፉ ውስጥ ለጄን አልጻፈችላትም፤ በምትኩ ሮቼስተርን ዓይኑንና እጁን አሳጣችው።

የበርታም ታሪክ የገንዘብ ታሪክ ነው። ሮቼስተር ጃማይካ ድረስ ሄዶ ያገባት ከ30,000 ፓውንድ ጋር ነው። ገንዘቡ የእርሱ ሆነ፤ እርሷ ስትታመም ሰገነት ላይ ተቆለፈባት። ሊፈታትም አይችልም፤ የአእምሮ ሕመም በእንግሊዝ የፍቺ ምክንያት የሆነው በ1937 ነውና። በአንድ ልቦለድ ውስጥ ሁለት ሚስቶች አሉ፤ የሁለቱም ሀብት ወደ አንድ ሰው እጅ ይገባል። አንባቢ ለዘመናት ያለቀሰው ለአንዷ ብቻ ነው።

ዊልኪ ኮሊንስ «ነጭ ለባሿ ሴት» (1860) ላይ ነገሩን እስከ ጥጉ ወሰደው። ሎራ ፌርሊ 20,000 ፓውንድ አላት። የቤተሰቡ ጠበቃ ገንዘቡ ከባሏ እጅ እንዲርቅ የሚያደርግ ውል ለማስጻፍ ቢታገልም ግድየለሹ አጎቷ እሺ ብሎ ለባልዬው ያስረክበዋል። ባልየው ገንዘቡን ለማግኘት በሌላ ሴት ስም የአእምሮ ሕሙማን መጠለያ ያስገባታል፤ ለዓለምም ሞታለች ይላል። ኮሊንስ ሕጉ «ሚስት የለችም» የሚለውን ወስዶ የወንጀል ታሪክ አደረገው። አንባቢው በአስፈሪነቱ ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ ሲያጣ ያስፈራው ነገር ግማሹ በሕግ የተፈቀደ ነበር።

ትግሉ ከልቦለዱ ውጭም ይካሄድ ነበር። ባርባራ ሊ ስሚዝ በ1854 ስለ ሴቶች የወጡትን ሕጎች በቀላል ቋንቋ ጠቅልላ በትንሽ መጽሐፍ አሳተመች። በ1856 ያገቡ ሴቶች ንብረት እንዲኖራቸው የሚጠይቅ አቤቱታ ለፓርላማ ቀረበ፤ ጋስኬልና ገጣሚዋ ኤልዛቤት ባሬት ብራውኒንግ ከፈራሚዎቹ መካከል ነበሩ። በ1870 የወጣው ሕግ ሚስት ሠርታ ያገኘችውን ገንዘብ የራሷ አደረገላት። በ1882 የወጣው ደግሞ ከጋብቻ በፊትም ሆነ በኋላ ያፈራችውን ንብረት ሁሉ በስሟ እንድትይዝ ፈቀደ። በአቤቱታውና በዚህ ሕግ መካከል 26 ዓመት አለፈ።

ልጆቹ የማን ናቸው?

ከንብረት ይልቅ የሚያንገበግበው የልጅ ጉዳይ ነበር። የካሮላይን ኖርተን ታሪክ የዘመኑ ቁስል ነው። ደራሲትና ገጣሚት ነበረች፤ ባሏ ጆርጅ ኖርተን ይደበድባት ነበር። በ1836 ተለያዩ። ባልየው ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ሎርድ ሜልበርን ጋር ማግጣለች ብሎ ሚኒስትሩን ከሰሰ፤ ተረታም። ፍርዱ ንጽሕናዋን ቢያሳይም ባሏ ሦስት ወንዶች ልጆቿን ወስዶ ከለከላት። ሕጉ ከእርሱ ጋር ነበር። የመጨረሻው ልጇ በ1842 ከፈረስ ወድቆ ባገኘው ቁስል ሞተ፤ እናቱ የደረሰችው ካለፈ በኋላ ነው።

ካሮላይን ኖርተን ሐዘኗን ወደ ብዕር ቀየረችው። በጽሑፍና በወትወታ ባደረገችው ትግል በ1839 የሕፃናት ጥበቃ ሕግ ወጣ። እናት ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆቿን ለማሳደግ፣ ከፍ ያሉትንም ለማየት እንድትጠይቅ የፈቀደ የመጀመሪያው ሕግ ነው፤ በምንዝር ያልተፈረደባት መሆን ግን ነበረባት። ዕድሜው በ1873 ወደ 16 ከፍ አለ። በ1886 ደግሞ እናት አባት ሲሞት የልጆቿ ሞግዚት የመሆን መብት አገኘች።

አን ብሮንቴ «የዋይልድፌል ሆል ተከራይ»ን ስትጽፍ ታሪኩን ከ1839 በፊት ወደነበረው ዘመን መለሰችው። የሀንቲንግደን ሚስት ሄለን ሕፃን ልጇን አባቱ መጠጥ ሲያስተምረው ታያለች፤ ልጁን ይዛ ትሸሻለች። ይህ መሸሽ ራሱ ሕገ ወጥ ነው። ሥዕል እየሸጠች በሐሰት ስም ትኖራለች፤ ከሥዕሉ የምታገኘው ገንዘብም በሕግ የባሏ ነው። ባልየው ዕቅዷን ቀድሞ ደርሶበት የሥዕል መሣሪያዎቿን እሳት ውስጥ የጨመረውና ቁልፎቿን የቀማት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ መውጫዋ ሥራዋ እንደሆነ ገብቶታል። ኋላ ሲታመም ልታስታምመው ትመለሳለች፤ ልጁን ከማሳየቷ በፊት ግን በጽሑፍ ቃል ታስገባዋለች። ሕጉ የነፈጋትን ውል በራሷ እጅ ጻፈችው።

በእኔ አመለካከት የዘመኑ እጅግ ደፋር ልቦለድ ይህ ነው፤ ዕጣውም ይህንኑ ይመሰክራል። አን በ1849 ከሞተች በኋላ ሻርሎት መጽሐፉ ዳግም እንዳይታተም ፈለገች፤ የጉዳዩ ምርጫ ስሕተት ነበር ብላ አመነች። በገዛ እህቷ ዓይን እንኳ ከባድ ሆኖ የታየ እውነት ነበር።

አንቶኒ ትሮሎፕም «ትክክል መሆኑን ያውቅ ነበር» በተባለው ልቦለዱ (1869) ወደዚህ ጉዳይ ገብቷል። ሉዊስ ትሬቬልያን ያለ በቂ ምክንያት በሚስቱ ላይ ይቀናል፤ ሕፃኑንም ነጥቆ ይወስዳል። ሰውየው አእምሮው እየታወከ መሆኑን ሁሉም ያያል፤ ያም ሆኖ የአባትነት መብቱ እንደጸና ነው። ትሮሎፕ ለሴቶች መብት የቆመ ሰው አልነበረም። ያየውን በታማኝነት የሚጽፍ በመሆኑ ብቻ ሕጉ ለዕብደት እንዴት መሣሪያ እንደሚሆን አሳየ። እዚህም መፍትሔው የባል ሞት ነው።

በሩ ሲከፈት

እስከ 1857 ድረስ ሙሉ ፍቺ የሚገኘው በፓርላማ ልዩ አዋጅ ነበር። ወጪው ከባድ ስለነበር የጥቂት ሀብታም ወንዶች መብት ሆኖ ኖረ። በዚያ ሁሉ ዘመን በዚህ መንገድ ፍቺ ጠይቀው ያገኙት ሴቶች አራት ብቻ ናቸው። ዲከንስ «አስቸጋሪ ጊዜያት» (1854) ላይ ሠራተኛው ስቲቨን ብላክፑል ከሰካራም ሚስቱ መፋታት ሲመኝ የፋብሪካው ባለቤት ከሺህ ፓውንድ በላይ እንደሚፈጅ ይነግረዋል። የድሃው ሰው ሌላ ልማድ ነበረው። ቶማስ ሃርዲ «የካስተርብሪጅ ከንቲባ» (1886) መግቢያ ላይ የጻፈው በአምስት ጊኒ የተሸጠች ሚስት ታሪክ ከገጠሩ እውነተኛ ልማድ የተወሰደ ነው፤ ሕግ ባይፈቅደውም ድሆች እንደ ፍቺ ይቆጥሩት ነበር።

በ1857 የወጣው ሕግ የፍቺ ፍርድ ቤት አቋቋመ። ሚዛኑ ግን የተዛባ ነበር። ባል የሚስቱን ምንዝር ብቻ አስረድቶ ይፈታል። ሚስት ግን በምንዝሩ ላይ ጭካኔን፣ ሁለት ዓመት ጥሎ መሄድን፣ ከቅርብ ዘመድ ጋር መተኛትን ወይም ይህን የመሰለ ሌላ ጥፋት ጨምራ ማስረዳት ነበረባት። በ1878 ፍራንሲስ ፓወር ኮብ በሚስቶች ላይ ስለሚፈጸም ድብደባ የጻፈችው ጽሑፍ ብዙዎችን አስደነገጠ፤ በዚያው ዓመት የተደበደበች ሚስት ተለይታ እንድትኖርና ቀለብ እንድታገኝ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ።

በሩ በመጠኑ ሲከፈት ልቦለዱም ተለወጠ። ከ1860 ጀምሮ ሁለት ባል ያገቡ፣ ከቤት የጠፉ፣ ማንነታቸውን የደበቁ ሚስቶች የሞሉባቸው ልቦለዶች እንደ ጎርፍ መጡ። በኤለን ዉድ «ኢስት ሊን» (1861) ሌዲ ኢዛቤል ባሏንና ልጆቿን ትታ ትሄዳለች፤ ትፈታለች፤ በኋላም መልኳ በአደጋ ተለውጦ የገዛ ልጆቿ አስተማሪ ሆና ወደ ቤቱ ትገባለች። የሜሪ ኤልዛቤት ብራደን «የሌዲ ኦድሊ ምስጢር» (1862) ጀግና ደግሞ ባሏ ወደ አውስትራሊያ ጠፍቶባት በሌላ ስም ዳግም ታገባለች። ብራደን ራሷ ሚስቱ የአእምሮ ሕመምተኛ ሆና መጠለያ ከገባችበት አሳታሚ ጋር ትኖር ነበር፤ መጋባት የቻሉት በ1874 ሚስትየዋ ከሞተች በኋላ ነው። የ«ጄን ኤር»ን ታሪክ በገዛ ሕይወቷ ኖረችው።

የጆርጅ ኤሊዮትም ሕይወት ከዚህ ተለይቶ አይታይም። ከ1854 እስከ 1878 ከጆርጅ ሄንሪ ሉዊስ ጋር እንደ ባልና ሚስት ኖረች። ሉዊስ የሚስቱን ምንዝር አውቆ ስለተቀበለ በሕግ መፋታት አይችልም ነበር። ወንድሟ አይዛክ ከሃያ ዓመት በላይ ዘጋት፤ የጻፈላት በ1880 ጆን ክሮስን በሕግ ስታገባ ነው። «ሚድልማርች»ን የጻፈችው በዚህ ውስጥ ሆና ነው። ካሶቦን ሞቶም በኑዛዜው ሚስቱን ዶሮቲያን ይይዛታል፤ ወጣቱን ዘመዴን ላዲስሎን ካገባሽ ርስቱን ታጫለሽ ይላል። ኤሊዮት ሞት እንኳ በሙሉ የማይፈታው ትዳር እንዳለ አሳየች፤ ዶሮቲያም ሀብቱን ትታ ትሄዳለች።

ባል የሌላት ሴት

እስካሁን ያልነው ስላገባችው ነው። ያላገባችውስ? ዊልያም ግሬግ በ1862 ባወጣው ጽሑፍ ከወንዶች ቁጥር በላይ ያሉ ሴቶችን እንደ ትርፍ ቆጥሮ ወደ ቅኝ ግዛቶች እንዲላኩ ሐሳብ አቀረበ። ፍራንሲስ ፓወር ኮብ በዚያው ዓመት መለሰችለት፤ ቆሞ ቀር የሚባሉትን ሴቶች ሥራና ትምህርት ስጧቸው፣ ያን ጊዜ ጋብቻም ከችግር የሚሸሹበት ሳይሆን ፈቅደው የሚገቡበት ይሆናል አለች።

የመካከለኛው መደብ ሴት ስሟ ሳይነካ ልትሠራው የምትችለው ሥራ የቤት አስተማሪነት ብቻ ነበር ለማለት ይቀርባል። ደመወዙ አነስተኛ፣ ቦታውም አሳፋሪ ነበር፤ ከቤተሰቡ ጋር አትቆጠርም፣ ከሠራተኞቹም ጋር አትበላም። ሻርሎት ብሮንቴ ይህን ኖራዋለች። በ«ቪሌት» (1853) ሉሲ ስኖው የራሷን ትምህርት ቤት ትከፍታለች፤ የምትወደው ሰው ግን ከባሕር ጉዞው ሳይመለስ የቀረ ይመስላል። በሥራዋ የቆመች ሴት ይዛ መጽሐፍ መዝጋት በዚያ ዘመን ትልቅ እርምጃ ነበር። ከልቦለዱ ውጭም በሩ እየተከፈተ ነበር፤ ኩዊንስ ኮሌጅ በ1848፣ ቤድፎርድ ኮሌጅ በ1849፣ በኋላ ገርተን የተባለው ኮሌጅም በ1869 ተመሠረቱ። ለንደን ዩኒቨርሲቲ በ1878 ለሴቶች ዲግሪ ፈቀደ።

ያለ ጋብቻ የወለደችዋ ሴት ዕጣ ከሁሉ የከፋ ነበር። በ1834 የወጣው የድሆች ሕግ የልጁን ሸክም በእርሷ ላይ ጣለ። ጋስኬል «ሩት» (1853) በተባለው ልቦለዷ ለእንዲህ ዓይነቷ እናት ክብር ስትሰጥ ከባሏ ምእመናን መካከል መጽሐፉን ያቃጠሉ ነበሩ።

ትዳር ለሁሉም እስር ቤት ነበር ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። ኤልዛቤት ባሬት በ1846 በ40 ዓመቷ ከገጣሚው ሮበርት ብራውኒንግ ጋር በድብቅ ተጋብታ ወደ ጣሊያን ስትሄድ ልጆቹ እንዳያገቡ ከሚከለክል አባት ቤት እያመለጠች ነበር። ጆን ስቱዋርት ሚል በ1851 ሃሪየት ቴይለርን ሲያገባ ሕጉ የሚሰጠውን የባልነት ሥልጣን እንደማይቀበል በጽሑፍ አስታወቀ። ጥሩ ባል ነበር፤ ግን ጥሩነቱ ከሕጉ ሳይሆን ሕጉን ከመካዱ የመጣ ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ1888 ሞና ኬርድ የዘመኑ ጋብቻ ከሽፏል የሚል ጽሑፍ አወጣች። «ዴይሊ ቴሌግራፍ» ጋዜጣ ጥያቄውን ለአንባቢ ቢያቀርብ ወደ 27,000 የሚጠጉ ደብዳቤዎች ጎረፉለት። ጉዳዩ ከጥቂት ምሁራን እጅ ወጥቶ የቤት ሁሉ ጉዳይ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ልቦለዱም ከዚህ በኋላ በሞት መሸፈኑን ተወ። በጆርጅ ጊሲንግ «ተራፊዎቹ ሴቶች» (1893) ሮዳ ነን ሴቶችን የጽሕፈት መኪና እያስተማረች ሳታገባ ለመኖር ትወስናለች፤ ከድህነት ለመሸሽ ያገባችው ሞኒካ ግን በባሏ ቅናት ተሠቃይታ ወልዳ ትሞታለች። ቀድሞ ባልን ይወስድ የነበረው ሞት አሁን ሚስትን ወሰደ። በሃርዲ «ጁድ» (1895) ደግሞ ሁለቱም ወገኖች ከቀድሞ ትዳራቸው በሕግ ይፋታሉ፤ ነጻነቱ ግን አያድናቸውም፤ ኅብረተሰቡ ቤትና ሥራ ይነፍጋቸዋል። አንድ ጳጳስ መጽሐፉን እሳት ውስጥ እንደጣለው አስታወቀ፤ ሃርዲም ከዚያ በኋላ አዲስ ልቦለድ አልጻፈም።

ተመራማሪዎች የሚለያዩበት

የዚህ ሁሉ ትርጉም ላይ ስምምነት የለም። ሳንድራ ጊልበርትና ሱዛን ጉባር በ1979 ባሳተሙት ጥናት በርታን የጄን የታፈነ ቁጣ አድርገው አነበቧት፤ ሴት ደራስያን በግልጽ መናገር ያልቻሉትን በዕብድ ሴት አፍ ተናገሩ አሉ። ጋያትሪ ስፒቫክ በ1985 ይህን ተቃወመች፤ በርታ የሌላ ሰው ስሜት ምልክት ሆና መቅረት የለባትም፣ የቅኝ ግዛት ሴት ናት፣ የጄን ነጻነትም የቆመው በእርሷ መሥዋዕትነት ላይ ነው አለች። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1966 ካሪቢያን የተወለደችው ጂን ሪስ የበርታን ሕይወት በልቦለድ ጽፋላት ነበር።

ናንሲ አርምስትሮንግ በ1987 ልቦለዱ ሴትን ከመጨቆን አልፎ ለቤት እመቤቲቱ አዲስ ዓይነት ሥልጣን እንደፈጠረላት ተከራከረች። የታሪክ ተመራማሪዋ አማንዳ ቪከሪ በ1993 የቤትና የአደባባይ ክፍፍሉ በምክር መጽሐፍ ላይ እንደተጻፈው ጥብቅ አልነበረም፣ ሴቶች በደብዳቤዎቻቸውና በሥራቸው ከተሰመረው መስመር ይወጡ ነበር አለች።

ሁሉም የያዙት እውነት አለ። እኔ ግን ክርክሩ አንድ ነገር እንዳያስረሳን እሰጋለሁ፤ እርሱም የሕጉ ክብደት ነው። ሚስት በቤቷ ሥልጣን ሊኖራት ይችላል፤ ያ ሥልጣን ግን በባሏ በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ካሮላይን ኖርተንም የታወቀች፣ ብልህ፣ ከጠቅላይ ሚኒስትር ጋር የምትወያይ ሴት ነበረች፤ ልጆቿን ከመነጠቅ አንዱም አላዳናትም። ስፒቫክ ለበርታ የጠየቀችው ፍትሕም ከዚሁ ይነሣል፤ በርታን ሰገነት ላይ የቆለፋት ቅኝ ግዛቱም የጋብቻ ሕጉም ናቸው።

ልቦለድ ሕግ ቀየረ ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። ሕጉን የቀየሩት አቤቱታ የፈረሙ፣ ፓርላማ ደጅ የጠኑ፣ በገንዘባቸውና በስማቸው ዋጋ የከፈሉ ሴቶችና ጥቂት ወንዶች ናቸው። ልቦለዱ ያደረገው በሕግ ቋንቋ የተጻፈውን ነገር ወደ ሰው ኑሮ መተርጎም ነው፤ ፍርድ ቤት ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ አንባቢ የጠበቃ ውል ምን እንደሚያደርግ፣ የተቆለፈ በር ምን እንደሚመስል አየ። ያለ እነዚህ መጻሕፍት 27,000 ሰው ስለ ጋብቻ ደብዳቤ ለመጻፍ ብዕር ያነሣ ነበር ብዬ አላምንም።

እነዚህን ልቦለዶች ዛሬ የምታነብቡ ሁሉ፣ ሠርጉ ላይ ስትደርሱ ተደሰቱ፤ ደራስያኑ ደስታውን ከልባቸው ጽፈውታል። ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ግን ገንዘቧ ነገ በማን እጅ እንደሚሆን፣ ልጇ የማን እንደሚባል፣ ቤቱን ለቅቃ መውጣት ብትፈልግ በሩን ማን እንደሚከፍትላት ጠይቁ። በዚያ ዘመን ላገባች ሴት የሦስቱም ጥያቄዎች መልስ ባሏ ነበር። ይህንን ይዞ ያላነበበ ሰው የታሪኩን ግማሽ ብቻ አንብቧል።